ጦርነት ሲመጣ ማን ይናገራል? የክሪስታል ኢስትማን ሕይወትና ክርክሯ

ለሰላም የሚታገል ሰውና ለዜጎች ነጻነት የሚታገል ሰው ብዙ ጊዜ በሁለት የተለያዩ ጎዳናዎች እንደሚሄዱ ተደርገው ይታያሉ። አንደኛው ጠበኞችን የሚያስታርቅ፣ ሌላኛው ከመንግሥት ጋር በፍርድ ቤት የሚሟገት ይመስለናል። አሜሪካዊቷ የሕግ ባለሙያ ክሪስታል ኢስትማን በአጭር ዕድሜዋ ሁለቱንም ሠርታለች፤ የሠራችውም እንደ አንድ ሥራ ቆጥራ ነው። ዛሬ በመላው አሜሪካ የሚታወቀውን የአሜሪካ ሲቪል ነጻነቶች ኅብረትን፣ በምኅጻሩ ኤሲኤልዩን፣ ከጠነሰሱት ሰዎች አንዷ እሷ ናት። የድርጅቱ ስም እየገነነ ሲሄድ የእሷ ስም ግን ለረጅም ጊዜ ተዘንግቶ ቆይቷል። ሕይወቷን እዚህ የምናነሣው ለመታሰቢያ ብቻ አይደለም። የኖረችበት ዘመን አንድ ከባድ ጥያቄ በተግባር የተፈተነበት ነው፦ ስለ ጦርነት በነጻነት እንዳይነጋገር የተከለከለ ሕዝብ ጦርነትን ሊያስቀር፣ ወይም በጊዜ ሊያስቆም ይችላል? የዚህ ጽሑፍ መልስ አይችልም የሚል ነው፤ ማስረጃውንም ከኢስትማን ዘመን ያቀርባል። እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኢስትማን በ1881 በማሳቹሴትስ ግዛት በማርልቦሮ ከተማ ተወለደች፤ ያደገችው በኒው ዮርክ ግዛት በኤልማይራ ነው። አባቷም እናቷም የቤተ ክርስቲያን ሰባኪዎች ነበሩ፤ ሴት ሰባኪ ብርቅ በነበረችበት በዚያ ዘመን እናቷ አኒስ መድረክ ላይ ቆማ ታስተምር ነበር። ክሪስታል ከቫሳር ኮሌጅ በ1903 ተመረቀች፤ በማግስቱ ዓመት ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ በሶሲዮሎጂ የማስተርስ ዲግሪ ያዘች፤ በ1907 ደግሞ በኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርቷን ጨረሰች። የመጀመሪያ ትልቅ ሥራዋ የብረት ፋብሪካዎች በታጨቁበት በፒትስበርግ አካባቢ የተካሄደ ጥናት ነበር። በአሌጌኒ አውራጃ በአንድ ዓመት ውስጥ ብቻ በሥራ ላይ ሳሉ የሞቱ 526 ሠራተኞችን ጉዳይ አንድ በአንድ መረመረች። ከእነዚህ 195ቱ የብረት ፋብሪካ፣ 125ቱ የባቡር ሐዲድ፣ 71ዱ የማዕድን ሠራተኞች ነበሩ። አሠሪዎች በዚያ ጊዜ አደጋው ሁሉ ማለት ይቻላል ከሠራተኛው ግድየለሽነት የሚመጣ ነው ይሉ ነበር። ጥናቷ ይህ አባባል በማስረጃ የማይደገፍ መሆኑን አሳየ፤ አባወራቸው ከሞተባቸው ቤተሰቦች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ከአሠሪው ያገኙት ከመቶ ዶላር እንደማይበልጥ ወይም ምንም እንዳልሆነም ገለጠ።

ጥናቱ በ1910 መጽሐፍ ሆኖ ታተመ። ኢስትማን የኒው ዮርክ ግዛት ባቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን ውስጥ ገብታ በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ካሳ የሚያስከፍል ሕግ በማርቀቅ ሠራች፤ ሕጉም በዚያው ዓመት ወጣ። በማርች 24 ቀን 1911 የግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሕጉ የአሠሪዎችን ንብረት ያለ አግባብ ይወስዳል ሲል ሻረው። በማግስቱ በኒው ዮርክ ከተማ በትራያንግል የልብስ ፋብሪካ በተነሣ ቃጠሎ 146 ሰዎች፣ አብዛኞቹ ወጣት ስደተኛ ሴቶች፣ አለቁ። ከዚያ በኋላ ጋዜጦች ጻፉ፣ ማኅበራት ሰልፍ ወጡ፣ መራጮች የግዛቱን ሕገ መንግሥት አሻሻሉ፤ የካሳው ሕግም እንደገና ወጥቶ በ1917 በአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጸና። ይህን ታሪክ ማንሣታችን የኋላውን ሥራዋን ስለሚያስረዳ ነው። ሰዎች በገፍ የሚሞቱበትን ነገር ሕዝብ ማስተካከል የሚችለው መጀመሪያ እውነቱ ተቆጥሮ በአደባባይ ሲቀርብ፣ ከዚያም ያለ ፍርሃት ክርክር ሲካሄድበት ነው። ኢስትማን ስለ ፋብሪካ የጠየቀችውን ጥያቄ በኋላ ስለ ጦር ሜዳም ጠየቀችው፦ የሚሞተው ማን ነው? የሚወስነውስ ማን ነው?

የአውሮፓ ጦርነት በ1914 ሲፈነዳ አሜሪካ ገለልተኛ ነበረች። በጃንዋሪ 1915 ጄን አዳምስ የምትመራው የሴቶች የሰላም ፓርቲ ተመሠረተ፤ ኢስትማን የኒው ዮርኩን ቅርንጫፍ መራች። ከዚህም ጎን ለጎን የአሜሪካ ፀረ-ወታደራዊነት ኅብረት ተብሎ በሚታወቀው ማኅበር ዋና ጸሐፊ ሆነች። ማኅበሩ ለጦር መሣሪያ የሚወጣውን በጀት በመቃወም በምክር ቤት ተከራከረ፣ በየከተማው ስብሰባ ጠራ፣ በራሪ ጽሑፍ አሰራጨ። በ1916 በኒው ዮርክ ባዘጋጁት ትርኢት ላይ ግዙፍ የዳይኖሰር ምስል አቁመው ነበር፤ ገላው በጥሩር የተሸፈነ፣ አንጎሉ ግን እዚህ ግባ የማይባል እንስሳ በምድር ላይ እንዳልቆየ ለተመልካቹ ለማሳየት ነው። የዚያ ዓመት ትልቁ ፈተና ግን ከሜክሲኮ በኩል መጣ። የሜክሲኮ አማፂ መሪው ፓንቾ ቪያ በማርች የኒው ሜክሲኮዋን ኮሎምበስ ከተማ ካጠቃ በኋላ አሜሪካዊው ጄኔራል ፐርሺንግ ጦር ይዞ ሜክሲኮ ገባ፤ በጁን 21 ቀን በካሪዛል የአሜሪካና የሜክሲኮ መንግሥት ወታደሮች ተጋጩ፣ ከሁለቱም ወገን ሰው ሞተ። የአሜሪካ ጋዜጦች ጥቃቱ ከሜክሲኮ እንደተጀመረ አድርገው ጮኹ፤ ጦርነቱም የማይቀር መሰለ።

የኢስትማን ማኅበር በዚህ ጊዜ ያደረገው ነገር ቀላልም ብልህም ነበር። በግጭቱ ላይ የነበረ አንድ አሜሪካዊ መኮንን የጻፈው ምስክርነት ቀድመው ወደ ውጊያው የገሰገሱት የአሜሪካ ወታደሮች መሆናቸውን ያሳይ ነበር፤ ማኅበሩ ይህንኑ በማስታወቂያ ገንዘብ ከፍሎ በጋዜጦች ላይ አሳተመው። ሦስት አሜሪካውያንና ሦስት ሜክሲኳውያን የታወቁ ሰዎች ተገናኝተው እንዲመክሩም ጋበዘ። ለፕሬዚዳንት ዊልሰን ቴሌግራም ከየአቅጣጫው ጎረፈ። ሁለቱ መንግሥታት ከዚያ በኋላ የጋራ ኮሚሽን አቋቁመው ተደራደሩ፤ የፐርሺንግ ጦርም በ1917 መጀመሪያ ላይ ከሜክሲኮ ወጣ። ጦርነቱን ያስቀረው ይህ ማኅበር ብቻ ነው ማለት እውነትን ማጋነን ይሆናል። ዊልሰን ራሱ በሁለት ግንባር መዋጋት አይፈልግም ነበር፤ የሜክሲኮ መንግሥትም ጦርነት አልፈለገም። ነገር ግን ሰላም የሚፈልግ መሪ ቢሆን እንኳ በቁጣ በነደደ ሕዝብ ፊት ብቻውን መቆም ይከብደዋል። የመኮንኑ ቃል በጋዜጣ መውጣት ባይችል፣ ሰልፍና ስብሰባ ቢከለከል፣ ከጠላት ጋር መነጋገር ክህደት ቢባል ኖሮ ለዊልሰን ወደ ኋላ የሚመለስበት መንገድ እጅግ ይጠብበት ነበር። በ1916 የመናገር ነጻነት የሰላም መሣሪያ ሆኖ ሠርቷል።

በቀጣዩ ዓመት የተፈጸመው ተቃራኒው ነው። አሜሪካ በአፕሪል 1917 ወደ ዓለም ጦርነቱ ገባች፤ በሜይ የግዳጅ ውትድርና ሕግ፣ በጁን ደግሞ የስለላ ሕግ ወጣ። የሕጉ ስም ሰላዮችን የሚመለከት ቢመስልም፣ ምልመላን ያደናቅፋል ወይም ወታደርን እምቢተኛ ያደርጋል የተባለ ንግግር ሁሉ እስከ 20 ዓመት እስራትና 10,000 ዶላር ቅጣት ሊያስከትል ይችል ነበር። በ1918 የወጣው ማሻሻያ ስለ መንግሥት፣ ስለ ሰንደቅ ዓላማና ስለ ወታደር ልብስ ሳይቀር ክፉ መናገርን ወንጀል አደረገ። ኢስትማንና ከሚዙሪ የመጣው ሮጀር ባልድዊን በማኅበሩ ውስጥ ሁለት ዓይነት ሰዎችን የሚረዳ ክፍል ለማቋቋም ተነሡ፦ ስለተናገሩ የሚከሰሱትንና ኅሊናችን መግደልን አይፈቅድልንም ብለው ጠመንጃ የማያነሡትን። እዚህ ላይ ብርቱ ተቃውሞ የመጣው ከገዛ ወዳጆቻቸው ነበር። ለድሆች ባደረገችው አገልግሎት የተከበረችው ሊሊያን ዋልድና ጋዜጠኛው ፖል ኬሎግ፣ ከመንግሥት ጋር ፊት ለፊት ከተጋጨን የመጪውን የሰላም ድርድር መልክ ለማስያዝ በባለሥልጣናት ዘንድ ያለንን ተሰሚነት እናጣለን የሚል ሥጋት አደረባቸው። ክፍሉ በጁላይ 1917 ቢመሠረትም በኦክቶበር ከማኅበሩ ተለይቶ በባልድዊን መሪነት ብሔራዊ የሲቪል ነጻነቶች ቢሮ ሆነ።

የእነ ዋልድ ክርክር በቀላሉ የሚናቅ አይደለም። በየአገሩ ያሉ ሽማግሌዎች የሚያውቁት ጥበብ አለው፤ በር ተዘግቶ የሚነገር ምክር አንዳንዴ በአደባባይ ከሚጮኽ ተቃውሞ ይልቅ ሰሚ ያገኛል። የኢስትማን መልስ ይህን ጥበብ የሚሽር ሳይሆን መሠረቱን የሚያሳይ ነበር። ባለሥልጣን የአማካሪውን ቃል የሚሰማው ከአማካሪው በስተጀርባ በነጻነት የሚናገር ሕዝብ ሲኖር ነው፤ ሕዝቡ አፉ ከተዘጋ አማካሪውም ልመና ብቻ ይቀረዋል። ቀጥሎ የመጣው ነገርም ለእሷ መሰከረ። በስለላ ሕጉና በማሻሻያው ከ2,000 በላይ ሰዎች ተከሰሱ። የሶሻሊስቱ መሪ ዩጂን ዴብስ በኦሃዮዋ ካንተን ከተማ ባደረገው አንድ ንግግር 10 ዓመት ተፈረደበት። ሮበርት ጎልድስታይን የተባለ የፊልም ሠሪም እንዲሁ 10 ዓመት ተፈርዶበታል፤ ጥፋቱ ስለ አሜሪካ የነጻነት ጦርነት በሠራው ፊልም የያኔዋን ጠላት፣ በዓለም ጦርነቱ ግን አጋር የሆነችውን እንግሊዝን ጨካኝ አድርጎ ማሳየቱ ነበር። ለመዋጋት እምቢ ካሉት መካከል 17ቱ በወታደራዊ ፍርድ ቤት የሞት ፍርድ ተሰጣቸው፤ ፍርዱ ባይፈጸምም። የሃተራይት እምነት ተከታዮች የነበሩት ወንድማማቾቹ ጆሴፍና ማይክል ሆፈር ግን በእስር ቤት ከደረሰባቸው እንግልት በኋላ በ1918 መጨረሻ በቀናት ልዩነት ሞቱ። ባልድዊን ራሱ የግዳጅ ውትድርናውን እምቢ ብሎ አንድ ዓመት ተፈረደበት።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ የአገር ደኅንነት ጉዳይ ነው። ወንድም ጦር ሜዳ ላይ እየወደቀ ሳለ ኋላ የቀረው ሰው የፈለገውን እንዲናገር መፍቀድ ጠላትን መርዳት አይሆንም? ይህ ጥያቄ ከፍርሃት ብቻ ሳይሆን ከፍቅርም የሚመነጭ ስለሆነ በአክብሮት ሊመለስ ይገባል። በመጀመሪያ፣ ወታደር የጫነ መርከብ የሚነሣበትን ሰዓት ለጠላት መንገርና ይህ ጦርነት ስሕተት ነው ብሎ መናገር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው በየትኛውም አገር ወንጀል ነው፤ ለሲቪል ነጻነት የቆሙትም ይፈቀድ አላሉም። ሁለተኛው ግን አስተያየት ነው። ሁለተኛ፣ አስተያየትን ማፈን ለአገር ይጠቅማል የሚለው ግምት ራሱ በዚያው ጦርነት ወድቋል። በ1918 መጸው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ወደ ፊላዴልፊያ በገባ ጊዜ አስጊ ነገር ማውራት የሕዝቡን ወኔ ይሰብራል የሚለው የጦርነት መንፈስ ጋዜጦችንና ሹማምንትን ይዟቸው ነበር። የጦርነት ቦንድ ለመሸጥ በሴፕቴምበር 28 ቀን የተጠራው ሰልፍ የሐኪሞች ማስጠንቀቂያ ሰሚ አጥቶ ተካሄደ፤ ወደ 200,000 ሰው ወጣ። በቀጣዮቹ ሳምንታት በዚያች ከተማ ብቻ ከ12,000 በላይ ሰዎች ሞቱ። አበው መካር የሌለው ንጉሥ ያለ አንድ ዓመት አይነግሥ ያሉት ይህንኑ ነው፤ ክፉ ወሬ የሚያቀርብለትን ሰው ያሰረ መንግሥት የታወረው በራሱ እጅ ነው።

ሌላው ተቃውሞ ኢስትማን ራሷ ገለልተኛ አልነበረችም የሚል ነው። እውነት ነው። ሶሻሊስት ነበረች፤ በ1918 ከወንድሟ ከማክስ ጋር የመሠረተችው ሊበሬተር የተባለው መጽሔት የሩሲያን አብዮት በደስታ ተቀብሏል፤ ያ አብዮት ግን ተቃዋሚዎቹን ዝም ማሰኘቱ የታወቀ ነው። ታዲያ የተሟገተችው ለወገኖቿ ብቻ ነበር? አንድ መርሕ የሚመዘነው ባነሡት ሰዎች ፖለቲካ ሳይሆን ከእነሱ በኋላ ለማን እንደደረሰ ነው። በጃንዋሪ 1920 ቢሮው ወደ ኤሲኤልዩ ሲቀየር ጄን አዳምስ፣ ሔለን ኬለርና የጥቁሮች መብት ተሟጋቹ ጄምስ ዌልደን ጆንሰን በአንድ ሰነድ ሥር ተሰለፉ፤ ከዚያ ወዲህ ድርጅቱ አባሎቹ ለሚጠሏቸው ሰዎች ጭምር ቆሟል። ዛሬ በአሜሪካ ለንግግር ሰፊውን ጥበቃ የሰጠው የ1969ኙ ፍርድ የተገኘው የዘረኛው የኩ ክለክስ ክላን ቡድን መሪ የነበረውን ብራንደንበርግን የድርጅቱ ጠበቆች በመከላከላቸው ነው። በዚያ ፍርድ መሠረት መንግሥት ንግግርን ሊቀጣ የሚችለው ወዲያውኑ ሕገ ወጥ ድርጊት ለመቀስቀስ የታለመና ያንኑም ሊያስከትል የሚችል ሲሆን ብቻ ነው። ለዘረኛው የተከፈተው በር ለሰላም ሰባኪውም ተከፍቷል። ድርጅቱ ሁልጊዜ በመርሑ ጸና ማለት ግን አይቻልም። በ1940 ኮሚኒስት በመሆኗ ኤልዛቤት ገርሊ ፍሊንን ከቦርዱ አባርሯል፤ ወደ 120,000 የሚጠጉ የጃፓን ዝርያ ያላቸው ሰዎች በ1942 ወደ ካምፕ ሲጋዙም ዋናው ቢሮ አመንትቷል፤ የሰሜን ካሊፎርኒያው ቅርንጫፍ ግን መጋዙን እምቢ ያለውን የፍሬድ ኮሬማትሱን ጉዳይ ይዞ ተሟግቷል። ጦርነት የነጻነት ጠበቆችንም ልብ እንደሚያርድ ከዚህ በላይ ምስክር አያሻም።

በመጨረሻ፣ ኢስትማን ተሸንፋለች የሚሉ አሉ። አሜሪካ ዘምታለች፤ ከ116,000 በላይ ወታደሮቿ ሞተዋል፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በማርች 1919 የዴብስን ቅጣት በአንድ ድምፅ አጽንቷል። ነገር ግን በዚያው ዓመት ኖቬምበር፣ የቀደሙትን ፍርዶች የጻፈው ዳኛ ኦሊቨር ዌንዴል ሆምስ አብራምስ በተባለው ተመሳሳይ ጉዳይ ከአብዛኞቹ ዳኞች ተለይቶ ለሐሳብ ነጻነት የሚቆም የልዩነት ሐሳብ አሰፈረ። ዴብስ እስር ቤት ሆኖ በ1920 ለፕሬዚዳንትነት ተወዳድሮ ከ900,000 በላይ ድምፅ አገኘ፤ በ1921 መጨረሻም ተፈታ። የ1918ቱ ማሻሻያ በ1920 ተሻረ። የእነዚህ ሁሉ ፍሬ የታየው በቬትናም ጦርነት ጊዜ ነው። በዲሞይን ከተማ በ1965 ጦርነቱን በመቃወም ጥቁር ጨርቅ ክንዳቸው ላይ አስረው ትምህርት ቤት የሄዱ ልጆች ከትምህርት ታገዱ፤ ኤሲኤልዩ ጉዳያቸውን ይዞ በ1969 በጠቅላይ ፍርድ ቤት ረታ። ያን ጦርነት የተቃወሙ ሰዎች በየአደባባዩ ወጥተው ተናገሩ፣ ተከራከሩ፣ የመንግሥት ምሥጢራዊ ጥናት ሳይቀር በ1971 በጋዜጣ ወጣ። ጦርነቱ ያለ ልክ ረዝሟል፤ ብዙ ሕይወትም በልቷል። ሆኖም የአገሪቱ ሕዝብ ሐሳቡን መለወጥና መሪዎቹን ማስገደድ የቻለው ስለ ጦርነቱ መነጋገር ስለቻለ ነው፤ በ1918 ይህ መንገድ ዝግ ነበር።

ኢስትማን ዋጋውን በራሷ ከፍላለች። ከጦርነቱ በኋላ አቋሟ ሥራ ማግኘትን አክብዶባት ነበር፤ ከእንግሊዛዊው ባሏ ጋር ለዓመታት በለንደንና በኒው ዮርክ መካከል ስትመላለስ ቆየች፤ ስለ ሴቶች እኩልነት መጻፏን ግን አላቆመችም። በ1923 ለአሜሪካ ምክር ቤት በቀረበው የሴቶችን እኩል መብት በሕገ መንግሥት ለማስፈር በታሰበው ረቂቅም ላይ ከሴቶች መብት ታጋይዋ ከአሊስ ፖል ጋር እጇ አለበት። በ1928 በኩላሊት ሕመም በ47 ዓመቷ ሞተች፤ ብሔራዊው የሴቶች የዝና አዳራሽ ስሟን የመዘገበው በ2000 ነው። የሥራዋ ፍሬ ግን ስሟን ሰምተው ለማያውቁ ሰዎችም ደርሷል። ዛሬ በዋሽንግተን ከአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ፊት ለፊት ባንዲራ ይዘው የሚሰለፉ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን፣ አንዳንዴም ተቃራኒ አቋም የያዙ ሰልፈኞች፣ የሚቆሙት በዚህ ረጅም ሙግት በተጠበቀ መሬት ላይ ነው። ከሕይወቷ የምንማረውም ግልጽ ነው። ጦርነት ከጀመረ በኋላ ነጻነትን መጠበቅ እጅግ ይከብዳል፤ ቁጣው፣ ሐዘኑና ፍርሃቱ ዳኛውንም ጋዜጠኛውንም ጎረቤትንም ያጥለቀልቃል። ስለዚህ የማንወደው ሰው የሚናገርበትን መብት በሕግ፣ በማኅበርና በልማድ ማጽናት ያለብን ልብ በረጋበት በሰላሙ ጊዜ ነው። ለሰላም እሠራለሁ የሚል ሰው ሁሉ ይህን ከሥራው መጀመሪያ ሊያደርገው ይገባል።